መሀል አዲስ አበባ ላይ ካሜራ ለመትከል፦ የቀረጻ ፈቃድ ከስክሪፕቱ እስከ ጥበቃው ወንበር

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ነን፤ ከጠዋቱ 1:30። አሥራ አራት ሰው ይዤ ወጥቻለሁ። ካሜራው ትራይፖዱ ላይ ተቀምጧል፣ ተዋናይዋ ሜካፗን ጨርሳለች፣ እጄ ላይ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ አለ። ከጀርባችን ያለው ሕንፃ ጥበቃ ወንበሩን ትቶ መጣ። ሰላምታ ሰጠኝ፣ ደብዳቤውን ተቀበለኝ፣ ከላይ እስከ ታች አነበበው፣ ገልብጦ ጀርባውንም አየው።

«ወንድሜ፣ ደብዳቤው ጥሩ ነው። ግን ለእኔ አልተጻፈም።»

ተናደድኩ፤ ሰውዬው ግን ልክ ነበር። የሕንፃው ስም ደብዳቤው ውስጥ የለም፣ ግልባጩም ላይ የለም፣ ቀድሞ የነገረውም ሰው የለም። አለቃው 3 ሰዓት ላይ ሲገባ በአምስት ደቂቃ ፈቀደልን። የጠዋቱ ለስላሳ ብርሃን ግን አልጠበቀንም። ትዕይንቱን በሌላ ቀን ደግመን ቀረጽነው፤ የመኪናውም የምሳውም ወጪ ሁለት ጊዜ ወጣ። ከዚያ ወዲህ «ፈቃድ አለኝ» የምለው ቢሮው ሲፈርም ሳይሆን ጥበቃው ስሜን ሲያውቅ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ደብዳቤን ከቢሮ አውጥቶ እስከዚያ ወንበር ድረስ የማድረስ ሥራ ነው።

መጀመሪያ በእግር ሂዱ

ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት ስክሪፕቱን ያዙና ቦታውን በእግራችሁ ዙሩት። ስክሪፕቱ ሁለት ዓመት ካለፈው ይህ ግዴታ ነው። በ2016 ዓ.ም. የጀመረው የኮሪደር ልማት መሀል ከተማውን ቀይሮታል። ብዙ ጸሐፊዎች አሁንም «ዶሮ ማነቂያ፣ ውጪ፣ ምሽት» ብለው ይጽፋሉ፤ ሰፈሩ ግን ፈርሷል። ካዛንቺስም በልጅነታችሁ የምታውቁት ካዛንቺስ አይደለም። አንድ ዳይሬክተር ስለሌለ ግድግዳ ግማሽ ቀን ሲከራከረኝ ውሏል፤ በመጨረሻ ስልኩን አውጥቶ የድሮ ፎቶ አሳየኝና ራሱም ሳቀ።

ስትዞሩ የምትፈልጉት የሚያምር ፍሬም ብቻ እንዳይሆን። ቦታው የማን ነው? የእግረኛ መንገዱ የከተማው ነው፣ ደረጃው የሕንፃው ነው፣ በረንዳው የተከራዩ ካፌ ነው፣ ከኋላ የሚታየው አጥር ደግሞ የኤምባሲ ሊሆን ይችላል። አንድ ሾት ውስጥ አራት ባለቤት ሊኖር ይችላል ማለት ነው። ቦታው በየትኛው ክፍለ ከተማና ወረዳ እንደሆነም በደንብ ለዩ። ፒያሳና አራት ኪሎ አራዳ ናቸው፣ መስቀል አደባባይና ካዛንቺስ ቂርቆስ፣ መርካቶ አዲስ ከተማ። ሜክሲኮ አካባቢ ከሆናችሁ ግን ጠይቁ፤ መንገድ ስትሻገሩ ክፍለ ከተማ ልትቀይሩ ትችላላችሁ። ለአራዳ የተጻፈ ደብዳቤ ደግሞ ቂርቆስ ላይ አይሠራም።

ከተቻለ ልትቀርጹ ባሰባችሁበት ሰዓት ሂዱ። 12:30 ላይ ባዶ የሆነ ጥግ 1:30 ላይ የታክሲ ሰልፍ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ብዙም ስለማትርቅ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት ትወርዳለችና ሁሉም ቀራጭ ጠዋትንና ማታን ይመኛል፤ የትራፊኩም ጭንቅ ያው ጠዋትና ማታ ነው። ከዚህ ጋር መስማማት አለባችሁ። የእኔ ምርጫ እሑድ ከንጋቱ 12:30 ነው፤ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ካልሆነ በስተቀር።

የራሳችሁን ቤት አጽዱ

ቢሮ ስትሄዱ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን ናችሁ?» ነው። የታደሰ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የኃላፊው መታወቂያ፣ የፊልሙ አጭር ታሪክ (ሲኖፕሲስ)፣ የሚቀረጹት ትዕይንቶች፣ የባለሙያዎች ስም ዝርዝር፣ የዕቃ ዝርዝር ከነሴሪያል ቁጥሩ። ፈቃዱ ያልታደሰ ድርጅት ይዞ መሄድ ቀጠሮ ማባከን ነው። ተማሪ ከሆናችሁ የትምህርት ቤታችሁን የድጋፍ ደብዳቤ ያዙ፤ ድርጅት ከሌላችሁ የፈቃድ ባለቤት ከሆነ ፕሮዳክሽን ጋር ተስማምታችሁ በእሱ ስም ጠይቁ።

ሲኖፕሲሱን አሳጥሩት፣ ግን አትደብቁ። ታሪኩ ውስጥ ሌብነት ካለ ይጻፍ። ደብዳቤው ላይ «የፍቅር ታሪክ» ብላችሁ መንገድ ላይ ቦርሳ ነጥቆ የሚሮጥ ሰው ብታሳዩ፣ አላፊ አግዳሚው ተዋናዩን እውነት መስሎት ይይዘዋል፤ የሚመጣው ፖሊስም የሚያነበው የፍቅር ታሪክ ነው።

ደብዳቤው

በከተማው ውስጥ ለሚደረግ ቀረጻ በር የሚከፍተው የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ ነው። ከዚያ የምትፈልጉት ለሌሎች አካላት የሚጻፍ የትብብር ደብዳቤ ነው። እኔ የምጠቀምበት አጻጻፍ ይህን ይመስላል፦

«ጉዳዩ፦ የቀረጻ ፈቃድና የትብብር ደብዳቤ ስለመጠየቅ

ድርጅታችን አንድ የ25 ደቂቃ አጭር ፊልም በማዘጋጀት ላይ ይገኛል። ከፊልሙ ትዕይንቶች አንዱን እሑድ ጥር 24 ቀን፣ ከንጋቱ 12:30 እስከ ጠዋቱ 3:30 ሰዓት፣ በአራዳ ክፍለ ከተማ፣ (የሕንፃው ስም) ፊት ለፊት ባለው የእግረኛ መንገድ ላይ ለመቅረጽ አቅደናል። በቀረጻው 14 ባለሙያዎች፣ 1 ካሜራ፣ በባትሪ የሚሠሩ 2 መብራቶችና 1 ሚኒባስ ይኖራሉ። መንገድ አይዘጋም። ጄኔሬተር፣ ድሮንም ሆነ መሣሪያ የሚመስል ቁሳቁስ አንጠቀምም። ስለሆነም ለሚመለከታቸው አካላት የትብብር ደብዳቤ እንዲጻፍልን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

«አይዘጋም፣ አንጠቀምም» የምትለዋን ክፍል አትዝለሏት። ፈራሚውን የሚያስጨንቀው ያልጻፋችሁት ነገር ነው። የሌለውን የለም ብላችሁ ስትጽፉለት እስክሪብቶው ይቀለዋል። ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር ጻፉ፣ «ንጋት» ወይም «ምሽት» የሚለውን አስገቡ። ከውጭ ዜጋ ጋር ስንሠራ የፕሮግራሙ ወረቀት 7 ሲል ደብዳቤው 1 ይላል፤ ግማሹ ሠራተኛ እኩለ ቀን አልፎ ሲመጣ አይቻለሁ።

ደብዳቤው መዝገብ ቤት ሲገባ ቁጥር ይሰጠዋል። ያንን ቁጥርና የገባበትን ቀን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። «ደብዳቤዬ የት ደረሰ?» ብላችሁ ስትጠይቁ ቁጥር ያለው ሰው መልስ ያገኛል፣ ቁጥር የሌለው «ነገ ተመለስ» ይባላል። ከመዝገብ ቤት ወደ ኃላፊ ይሄዳል፣ ኃላፊው ለባለሙያ ይመራዋል፣ ባለሙያው ያዘጋጃል፣ ተመልሶ ይፈረማል፣ በወጪ ደብዳቤነት ተመዝግቦ ማህተም ያርፍበታል። እያንዳንዷ እርምጃ ጠረጴዛ ላይ ልትተኛ ትችላለች። ስለዚህ በአካል ሂዱ፣ በትህትና፣ ደጋግማችሁ። የመንግሥት ሥራ ሰዓት ከ2:30 እስከ 6:30፣ ከሰዓት ከ7:30 እስከ 11:30 ነው፤ ዓርብ ጠዋት 5:30 ላይ ወጥተው 7:30 ይገባሉ። ዓርብ 5:20 ላይ ፊርማ ፍለጋ የሚመጣ ሰው ማንንም አያስደስትም።

እኔ ከቀረጻው ሦስት ሳምንት ቀድሜ እጀምራለሁ። መንገድ የሚዘጋ ወይም ድሮን የሚነሳ ከሆነ ይህም አይበቃም።

ግልባጩን አንብቡት

ደብዳቤው ሲወጣ ከማመስገናችሁ በፊት ታችኛውን ክፍል አንብቡ፦ ግልባጭ ለማን ለማን ነው? የኔ የጠዋት ጣጣ የመጣው ከዚህች ክፍል ነው። መንገድ ላይ ለሚሠራ ቀረጻ ቢያንስ የአዲስ አበባ ፖሊስ ኮሚሽን፣ የክፍለ ከተማው አስተዳደርና ወረዳው ሊኖሩበት ይገባል። የጎደለ ካለ እዚያው በትህትና ጠይቁ፤ አንዴ ወጪ ከሆነ በኋላ ማስተካከል እንደ አዲስ መጀመር ነው።

ግልባጭ ተጻፈ ማለት ግን ደረሰ ማለት አይደለም። በራሳችሁ እጅ አድርሱት። ከኮሚሽኑ ወደ ክፍለ ከተማው ፖሊስ መምሪያ፣ ከመምሪያው ቦታውን ወደሚጠብቀው ጣቢያ ይወርዳል። ጣቢያው ላይ የዕለቱን ተረኛ ኃላፊ አግኙና ቀኑንና ሰዓቱን ንገሩ። ያ ሰው በሬዲዮ ሲጠየቅ «አዎ፣ አውቃቸዋለሁ» ካለ ቀናችሁ ሰላም ነው።

ደንብ አስከባሪዎችንም አትርሱ። አዲሶቹ የእግረኛ መንገዶች፣ የብስክሌት መስመሮችና ሣሮች ላይ ጥብቅ ናቸው። የመብራት ስታንድ ሣር ላይ ማቆም፣ ዕቃ የጫነ መኪና እግረኛ መንገድ ላይ መውጣት፣ ወለል ላይ ቴፕ ለጥፎ መተው ቅጣት ይጠራል። የስታንዶቹን እግር በጎማ ወይም በአሮጌ ምንጣፍ ቁራጭ አልብሱ፤ ድንጋዩም አይጫርም፣ የሚያያችሁም ሰው ጠንቃቃ መሆናችሁን ያያል።

ቦታው የራሱ ጌታ ሲኖረው

የከተማው ደብዳቤ ሁሉንም በር አይከፍትም። መንገድ ለአሥር ደቂቃም ቢሆን የሚዘጋ ከሆነ ጉዳዩ የትራፊክ ማኔጅመንት ባለሥልጣንና የትራፊክ ፖሊስ ነው። እኔ በተቻለኝ መጠን መንገድ አልዘጋም፤ ሾቱን በቴሌ ሌንስ ከሩቅ መያዝ ከስንት ቢሮ ደጅ ጥናት ያድናል።

ቅርሶች በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚጠበቁ ናቸው፤ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ መቅረጽ ከፈለጋችሁ የምትሄዱት ወደ ኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ነው። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትኖሎጂ ሙዚየም ደግሞ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ስለሆነ ጥያቄው ለዩኒቨርሲቲው ነው። የዓድዋ ድል መታሰቢያ፣ የአንድነት ፓርክና የወዳጅነት ፓርክ የየራሳቸው አስተዳደር አላቸው፤ ቲኬት ቆርጦ መግባት ለቤተሰብ ፎቶ እንጂ ለፊልም ቀረጻ ፈቃድ አይሆንም።

ቤተ ክርስቲያን ከሆነ የደብሩን አስተዳዳሪ ሳታገኙ ምንም አትጀምሩ፤ የአዲስ አበባ ሀገረ ስብከት ደብዳቤ ሊጠየቅም ይችላል። አራዳ ጊዮርጊስ ቅጥር ውስጥ ካሜራ ይዞ ጫማ ሳያወልቁ መቅደስ ደጃፍ ላይ መቆም በየትኛውም ወረቀት አይሸፈንም። መርካቶ አንዋር መስጊድ አካባቢም የመስጊዱን ኃላፊዎች አስቀድማችሁ አነጋግሩ፤ የዓርብ ጁምዓን ሰዓት ከፕሮግራማችሁ አውጡ።

የማይሞከሩም አሉ። ቤተ መንግሥት፣ ወታደራዊ ግቢ፣ የጸጥታ ተቋማት፣ የኤምባሲ በርና አጥር። መሀል ከተማ ላይ ችግሩ እነዚህ ከሁሉም ቦታ ቅርብ መሆናቸው ነው፤ አራት ኪሎ ላይ ካሜራውን ትንሽ ብታዞሩት የቤተ መንግሥቱ አጥር ፍሬም ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ካሜራው የት እንደሚያይ ቀድማችሁ ሥዕል ሥሩና ለፖሊሱ አሳዩት። «ወዲህ ብቻ ነው የምናየው» የሚል በእጅ የተሳለ ወረቀት ብዙ ጊዜ ከማህተም እኩል ረድቶኛል።

ድሮን

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ድሮን የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር (ኢንሳ) ፈቃድ ይፈልጋል፤ በረራው ደግሞ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ይመለከታል። ፈቃድ የሌለው ድሮን ቦሌ ጉምሩክ ላይ ይያዛል። አገር ውስጥ ተከራይታችሁ ከሆነም የባለቤቱን ፈቃድ ኮፒ በዓይናችሁ ሳታዩ አትክፈሉ፤ ፈቃዱ የተሰጠው ለዚህ ቀረጻ፣ ለዚህ ቦታና ለዚህ ቀን መሆኑንም አረጋግጡ። «የሠርግ እቀርጽበታለሁ፣ ማንም ነክቶኝ አያውቅም» የሚል ሰው መስቀል አደባባይ ላይ አያድናችሁም፤ አጠገቡ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት አለ።

ዳይሬክተሩ ከላይ ያለ ምስል ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ካለ፣ ሰገነት ያለው ሆቴል ወይም ፎቅ ፈልጉለት። ከአሥረኛ ፎቅ የሚታየው የቸርችል ጎዳና ቁልቁለት እስከ ለገሃር ድረስ ማንኛውም ድሮን የሚያመጣውን ያመጣል፤ ከከተማው ደብዳቤ ሌላ የሚያስፈልገውም የሕንፃው ባለቤት ስምምነት ነው።

ዩኒፎርምና የጨዋታ ሽጉጥ

አንድ ጊዜ ፖሊስ ሆኖ የሚሠራ ተዋናያችን በሾት መሀል ማኪያቶ አማረውና ዩኒፎርሙን እንደለበሰ መንገድ ተሻገረ። ካፌው ውስጥ የተቀመጠ እውነተኛ ፖሊስ ማዕረጉን አየ፣ ጫማውን አየ፤ ጫማው ስኒከር ነበር። የቀረውን ገምቱት። ማብራሪያው ሁለት ሰዓት ፈጀ፤ ደብዳቤያችን ላይ ዩኒፎርም የሚል ቃል ባይኖር ኖሮ ሌሊቱንም ይፈጅ ነበር።

ስለዚህ ዩኒፎርም ካለ ብዛቱን ጭምር በደብዳቤው ጻፉ፣ ፖሊስ መኖሩን ይወቅ። ተዋናዩ ካሜራ ፊት ሲቆም ብቻ ይልበሰው፣ በመሀሉ ጃኬት ይደርብበት። ሽጉጥ የሚመስል ነገር ከሆነ አንድ ሰው ብቻ በሳጥን ይያዘው፣ ከእሱ ውጪ ማንም አይንካው፤ መንገድ ላይ ከመውጣቱ በፊትም በቦታው ያለው ፖሊስ በዓይኑ ይየው። እውነተኛ መሣሪያ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይገዛል፤ ለፊልም ብሎ ከዘመድ መዋስ የሚባል ነገር የለም።

ፍሬም ውስጥ የገቡ ሰዎች

ሰው እንደ ዕቃ አይቀረጽም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለሕዝብ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል፤ በአደባባይ የተደረገ ክንዋኔ ከእነዚህ አንዱ ነው። ስለዚህ ከሩቅ የሚያልፍ ሕዝብ ብዙ አያስጨንቅም። ፊቷ ጎልቶ የታየ ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ ግን ሌላ ነገር ናት። ቀርባችሁ ንገሯት፣ አንድ ገጽ የስምምነት ወረቀት አስፈርሟት፣ ለባከነባት ገበያም ክፈሏት። እምቢ ካለች ካሜራውን አዙሩ። አንዲት እናት «ልጄ፣ እኔ ዛሬ ፀጉሬን አልተሠራሁም» ብለውኝ በሳምንቱ ተሠርተው ጠበቁኝ፤ የፊልሙ ምርጥ ሾት የእሳቸው ሆነ።

ለታዳጊ ተዋናይ የወላጅ ፊርማ የግድ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውን ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም ማሠራት ይከለክላል። ከ15 በታች የሆነ ልጅ ካላችሁ የሕግ ባለሙያ ሳታማክሩ ፕሮግራም አታውጡ። ካፌ ውስጥ ስትቀርጹም ቴፑን አስጠፉ፤ ከኋላ የሚሰማው ዘፈን በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠበቅ ባለቤት አለው።

ቀን ስትመርጡ

ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴን ዝናቡ ይወስዳቸዋል። የመስከረም 16 ደመራ መስቀል አደባባይን፣ የጥር 10 እና 11 ከተራና ጥምቀት ጃንሜዳንና መንገዶቹን፣ የየካቲት 23 የዓድዋ በዓል ፒያሳን ይይዛሉ። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች ጉባኤ በሚካሄድበት ሰሞን ከቦሌ እስከ ሜክሲኮ ባለው መስመር ላይ ምንም አታቅዱ፤ የተፈረመ ደብዳቤ ቢኖራችሁም ለእንግዶቹ መንገድ ሲዘጋ ማንም አያነበውም።

የውጭ አገር ቡድን ካላችሁ

ይህ ራሱን የቻለ መንገድ ነው። ጋዜጠኛና ዜና ነክ ሥራ ከሆነ በኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን መመዝገብ፣ ለዕቃው ደግሞ ሴሪያል ቁጥር ያለበት ዝርዝር ይዞ ለጉምሩክ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ሰዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ጀምሩ። በቱሪስት ቪዛ ገብቶ ቀረጻ መጀመር ለእነሱም ለእናንተም ራስ ምታት ነው።

የዋዜማው ቀን

ፋይል ግዙ። ዋናው ደብዳቤ ፕላስቲክ ውስጥ ይግባ፤ ከእጃችሁ አይውጣ። አሥር ኮፒ አዘጋጁ። ከቀረጻው በፊት ባለው ቀን ከሰዓት በኋላ ቦታው ላይ ሂዱና ለእያንዳንዱ ጥበቃ፣ ለካፌው ኃላፊ፣ ለፓርኪንግ ልጆቹ፣ ለሰፈሩ ሊስትሮ አንድ አንድ ኮፒ ስጡ፤ ስልካችሁን ከታች በእጃችሁ ጻፉበት። ጥበቃ በፈረቃ እንደሚሠራም አስቡ። ማታ ያነጋገራችሁት ሰው ጠዋት ላይኖር ይችላል፤ «ነገ ጠዋት ማን ነው የሚገባው?» ብላችሁ ጠይቁና ለእሱም መልእክት አስቀምጡ። የሰፈር ወጣቶች ካሉ ሁለት ሦስቱን ለሕዝብ ማስተናገጃ ቅጠሩ፣ የቀን ሒሳባቸውን አስፈርማችሁ ክፈሉ። ደረሰኝ የሌለው ክፍያ ግን ለማንም አትጀምሩ፤ አንዴ ከጀመራችሁ በሚቀጥለው ፊልማችሁ ታሪፍ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

በዕለቱ አንድ ሰው ሥራው ፋይሉን ይዞ መቆም ብቻ ይሁን። ዳይሬክተሩ አይሁን፣ ካሜራማኑም አይሁን። ፖሊስ ሲመጣ ቀድሞ ሄዶ ሰላም የሚል፣ «ጌታዬ፣ ደብዳቤያችን ይኸው፣ ጣቢያው ያውቃል» የሚል፣ የማይጮህ ሰው። ቁም ከተባላችሁ ካሜራውን ዝቅ አድርጉና ቁሙ፤ «ሪከርድ ላይ ነን» እያሉ መቀጠል ካሜራውን ያስወስዳል።

ስትጨርሱ ቆሻሻውን ልቀሙ፣ ቴፑን አንሱ፣ ለሕንፃው አስተዳደርም አጭር የምስጋና ደብዳቤ ላኩ። እኔ ለዚያ ጥበቃ በድጋሚው ቀረጻ ዋዜማ ስሙና የሕንፃው ስም ያለበት ኮፒ ወስጄለት ነበር። አጣጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ባለፈው ወር ሌላ ሥራ ይዘን ልንመጣ ስንል እሱ ራሱ ደወለ፦ «ነገ ጠዋት ሲሚንቶ የሚያራግፍ መኪና በሩ ላይ ይቆማል፤ ለማክሰኞ አድርጉት።»